ስትፈልግ ትነሣለች

በቤታችን ለሁለት ዓመት ያህል በየቀኑ ማለት ይቻላል የምትነገር አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ «ስትፈልግ ትነሣለች» የምትል። የምትነገረውም ስለ አያቴ ነበር። አንዳንድ ጊዜ በሹክሹክታ፣ አንዳንድ ጊዜ ማድ ቤት ውስጥ በንዴት፣ አልፎ አልፎም እርሷ እንድትሰማው ሆን ተብሎ ድምፅ ከፍ ተደርጎ። ውድ አንባቢያን፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ያረጀና የታመመ ሰው ካለ ይህችን ዓረፍተ ነገር ወይም መሰሎቿን ሳትሰሙ የቀራችሁ አይመስለኝም፤ «አውቃ ነው»፣ «መሞላቀቅ ነው»፣ «ሰው ሲመጣ እኮ ደህና ናት»።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህች ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የተነሣሣሁት አንድ ጊዜ እንደ መላ ምት ቆጥሬ ልፈትናት ሞክሬ ስለ ነበርና ፈተናውን የወደቅሁት እኔ ራሴ ስለ ሆንሁ ነው።

ነገሩ የሆነው ደብረ ብርሃን ነው። አያቴ ሰባ ዓመቷን ካለፈች በኋላ እርምጃዋ እያጠረ፣ ድምጿ እያነሰ፣ ፊቷም እየደነዘዘ መጣ። ቀልድ ሲነገር አትስቅም። ሰላምታ ስትመልስ ከንፈሯ እንጂ ፊቷ አይንቀሳቀስም። እኛም ኩርፊያ ነው አልን። ቀጥሎ ከወንበር መነሣት አቃታት፤ ወደ መጸዳጃ ቤት የምትሄደው ሁለት ሰው ብብቷን ይዞ እያነሣት ሆነ። ከመኝታ ቤቷ በር ላይ ስትደርስ ደግሞ እግሮቿ በወለሉ ላይ የተጣበቁ ይመስል ቀጥ ትላለች። «ግቢ እንጂ!» ትባላለች፤ አትገባም። እጇን ይዘው ሲጎትቷት ልትወድቅ ትደርሳለች።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተጠራጠራት ነበር። ጥርጣሬውን ያመጣው ሌላው ነገር ነው። ጧት ሁለት ሰው ያነሣት የነበረችው አያቴ፣ የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ከበሩ ብቅ ሲሉ «ኖር!» ብላ ብድግ ትል ነበር። እርሳቸው «በእግዜር፣ በእግዜር፤ አይነሡ እንጂ!» እያሉ ሲለምኗት እርሷ ቆማ መስቀል ትሳለም ነበር። (ለታላቅ ሰው አለመነሣት በእርሷ ትውልድ ዘንድ ምን ያህል ነውር እንደ ሆነ ለአገሬ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።) ከዚህ የባሰው ደግሞ የግቢው ነገር ነበር። አባቴ የክረምቱን ጭቃ ለመሻገር ከዋናው ቤት እስከ ማድ ቤቱ ድረስ ጠፍጣፋ ድንጋዮችን በእርምጃ ልክ አራርቆ ደርድሮ ነበር። በሳሎኑ ልስልስ ሲሚንቶ ላይ አንድ እርምጃ መራመድ ያቃታት ሴት፣ ደግፈን ከቤት አውጥተን ከመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ስናቆማት ከአንዱ ወደ ሌላው እየረገጠች ማድ ቤት ትደርስ ነበር። ጤነኛው ሰው በሚንሸራተትበት ቦታ! ይህን ያየ ሰው ምን ይበል?

በ1996 ዓ.ም. ክረምት የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ትምህርቴን ጨርሼ ለዕረፍት ወደ ቤት መጣሁ። ስለ ሳይንሳዊ ዘዴ በሚገባ የተማርሁት በዚያው ዓመት ነበር፤ አዲስ ትምህርት ደግሞ ሰውን አያስቀምጥም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቤቱ ሰው ሁሉ ሲወጣ አያቴን ከወንበሯ ላይ እንዳለች «መጣሁ» ብያት ሄድሁና ከመኝታ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ሰዓት ያዝሁ። የውኃ ብርጭቆዋን ሁለት እርምጃ ያህል አርቄ አስቀምጬዋለሁ። መላ ምቴ ግልጽ ነበር፤ ሰው አለመኖሩን ስታምን ተነሥታ ታመጣዋለች።

አሥር ደቂቃ ያህል አለፈ። ስሜን ጠራች። ዝም አልሁ። ደግማ ጠራች፤ ድምጿ ከዚያች ክፍል የሚያልፍ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ወደ ፊት ተወዝውዛ ለመነሣት ሞከረችና ተመልሳ ተቀመጠች። ሃያ ደቂቃ አልፎ ልብሷ ሲረጥብ አየሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቼ ወደ እርሷ ስሄድ በአእምሮዬ ውስጥ የነበረው ሐሳብ ምን እንደ ነበር ዛሬም አልረሳሁትም። «ለካ አይታኛለች!» የሚል ነበር።

እስቲ ይህን አስተሳሰብ ጠጋ ብለን እንመልከተው። አያቴ ብትነሣ ኖሮ አስመሳይ ነበረች። ባትነሣም አይታኝ ነው፤ ስለዚህ አስመሳይ ናት። ቢቸግራት እንኳ እስከዚህ ድረስ እልኸኛ ናት። ካርል ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ምንም ዓይነት ውጤት ቢመጣ የማይሸነፍ ሐሳብ ሳይንሳዊ ሊባል እንደማይችል ተከራክሯል። ይህንን ለፈተና አጥንቼው ጥሩ ውጤት አግኝቼበት ነበር። እቤቴ ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሳገኘው ግን አላወቅሁትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አያቴ አዲስ አበባ መጥታ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ቀረበች። እናቴ ያየነውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ «ኖር» ብላ መነሣቷን፣ የግቢውን ድንጋዮች፣ በር ላይ መገተሯን። አነጋገሯ የበሽተኛ ቤተሰብ ሳይሆን የከሳሽ ነበር። ሐኪሙ አያቴን አስነሥተው ወደ በሩ አስሄዷት። በሩ ላይ እንደ ልማዷ ቀጥ አለች። እርሳቸውም አንድ ጫማቸውን በእግሯ ፊት በአግድም አስቀምጠው «ይህችን ይሻገሯት እስቲ» አሏት። ተሻገረቻት፤ ቀጥላም ሄደች።

እናቴ «አዩልኝ! ትችላለች እኮ!» አለች።

ሐኪሙም «አዎ፤ በሽታው እንዲህ ነው» አሉ።

ማስረጃ ብለን ያመጣነው ነገር ሁሉ በአንድ አፍታ ለተቃራኒው ድምዳሜ ማስረጃ ሆነ። በሽታው የፓርኪንሰን በሽታ ነበር።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ይህን በሽታ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1817 ለንደን ውስጥ ባሳተማት አነስተኛ ድርሰት ነው። የጻፈው ስለ ስድስት ሰዎች ሲሆን ከእነርሱም መካከል በመንገድ ላይ ብቻ ያያቸው ይገኙበታል። ብዙዎቻችን ስለ በሽታው የሰማነው እጅ የሚያንቀጠቅጥ መሆኑን ነው። የአያቴ እጅ ግን እምብዛም አይንቀጠቀጥም ነበር፤ ቶሎ ላለማወቃችን አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ድንዙዝ ፊቷና የሟሸሸ ድምጿም ከኩርፊያ ጋር ግንኙነት አልነበራቸውም። የፊትን ጡንቻዎችና ድምፅን የሚያሳንሰው ያው በሽታ ነው። ለሁለት ዓመት ያኮረፈችን መስሎን እኛም አኩርፈናት ኖረናል።

በአንጎል ውስጥ ሰብስታንሺያ ናይግራ የሚባል ጠቆር ያለ ትንሽ ስፍራ አለ። በዚያ የሚገኙት የነርቭ ሕዋሳት ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር እየሠሩ እንቅስቃሴን ወደሚያስተባብሩ ሌሎች የአንጎል ክፍሎች ይልካሉ። በፓርኪንሰን በሽታ እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ በሽታው በዓይን በሚታይበት ጊዜ ብዙዎቹ አልቀዋል። ልብ በሉ፤ የእግር ጡንቻዎቹ አልሞቱም። ከአከርካሪ ወደ ጡንቻ የሚወርዱት ነርቮችም አልተበጠሱም። የተጎዳው እንቅስቃሴን ከውስጥ የማስጀመርና ምቱን ጠብቆ የማስቀጠል ሥራ ነው። ጤነኛ ሰው ከወንበር ሲነሣ ወይም ወሬ እያወራ ሲራመድ ይህ ሥራ ሳይታወቀው ይሠራለታል።

ይሁን እንጂ እንቅስቃሴ ሁልጊዜ ከውስጥ ብቻ አይጀመርም። ዓይን ባየው መስመር፣ ጆሮ በሰማው የእርምጃ ምት፣ በድንገተኛ ጥሪም ሊቀሰቀስ ይችላል። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት እንዲህ ያለው የውጭ ምልክት በአመዛኙ በሌሎች የአንጎል መንገዶች ስለሚጓዝ የተጎዳውን ክፍል ዞሮ ያልፈዋል። ልስልሱ ሲሚንቶ ለአያቴ እግር የሚነግረው ነገር አልነበረም። የግቢው ድንጋዮች ግን «እዚህ ርገጪ፤ ቀጥሎ እዚህ» ይሏት ነበር። የሐኪሙ ጫማም ያንኑ አላት። ጠባብ በር ደግሞ በተቃራኒው እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ቀጥ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው። የንስሐ አባት ድንገት መግባት፣ ከሕፃንነት ጀምሮ በሰውነቷ የተጻፈው «ኖር» ማለትም የራሱ ግፊት ነበረው። ሐኪሞች ይህን ሁሉ ኪኔዚያ ፓራዶክሳ በሚል ስም ያውቁታል፤ በአማርኛ «እንቆቅልሽ የሆነ እንቅስቃሴ» ማለት ይቻል ይሆናል።

ባትሪዋ የደከመ ታክሲ በጧት በጎረምሶች ስትገፋ ያላየ የለም። ቁልፉ ሲዞር ዝም ትላለች። ሲገፏት ትነሣለች፤ ከተነሣች በኋላም ቀኑን ሙሉ ሰው ስታመላልስ ትውላለች። ባለቤቷን «መኪናህ ስትፈልግ ትነሣለች» ብሎ የሚወቅሰው የለም። በግፊት መነሣቷ ብልሽቱ የት እንዳለ ይጠቁማል እንጂ ብልሽት የለም አያሰኝም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት የኔዘርላንድ ሐኪሞች ስለ አንድ የ58 ዓመት ሰው በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል። ሰውየው ለአሥር ዓመት ያህል በፓርኪንሰን በሽታ የቆየና ያለ ረዳት ጥቂት እርምጃ እንኳ በወጉ መሄድ የማይችል ነበር። ብስክሌት ላይ ሲወጣ ግን እንደ ጤነኛ ሰው እየነዳ፣ መንገዱን ጠብቆ ተጠማዞ ይመለሳል። ከብስክሌቱ እንደ ወረደ እግሩ መልሶ ይያዛል። ይህ ሰው የእኛ ሰፈር ነዋሪ ቢሆን ኖሮ ምን ዓይነት ስም ይወጣለት እንደ ነበር ለመገመት አይቸግርም።

አንዳንድ አንባቢ እዚህ ላይ «መልካም፤ አያትህ መነሣት አልቻለችም ነበር። ‹ትችላለች ግን አትፈልግም› የሚባል ሰውስ የለም ወይ?» ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይገምታል። በሰው ውስጥ ችሎታ በአንድ ጓዳ፣ ፈቃድ በሌላ ጓዳ ተለያይተው ተቀምጠዋል፤ በሽታ የሚገባው ወደ መጀመሪያው ጓዳ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው የምግባር ጉዳይ ነው ይላል። አንጎል ግን እንዲህ ተከፍሎ አልተሠራም። ያው ዶፓሚን ከእንቅስቃሴም አልፎ አንድን ነገር ለማግኘት ከመጣጣር፣ ከመጓጓት፣ ከመነሣሣት ጋር የተያያዘ ሥራ አለው። ስለዚህ ከፓርኪንሰን ሕሙማን ብዙዎቹ የእግራቸው መያዝ ሳይበቃ የመነሣሣት ማጣትም ያገኛቸዋል። ከውጭ ሲታይ ስንፍና ወይም ግድየለሽነት ይመስላል። «አትፈልግም» ያልነው ነገር ራሱ የበሽታው አካል ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1957 ይፋ ባደረገው ሙከራ ሬዘርፒን የተባለ መድኃኒት የተሰጣቸው እንስሳት ደንዝዘው ቀሩ። ጥንቸሎቹ ዓይናቸው እያየ አይነቃነቁም። ሰውነት ወደ ዶፓሚን የሚለውጠውን ዶፓ የተባለ ንጥረ ነገር ሲሰጣቸው ግን ነቅተው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ሥራ መነሻው ይህ ነው። ጥንቸሎቹን «መነሣት አልፈለጉም» ያለ ሰው አልነበረም። ይህን ቃል ለአያቶቻችን ያቆየነው ይመስላል።

በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ድካም የፓርኪንሰን ብቻ አይደለም። ጧት ጣቶቿ ተሳስረው አዝራር መቆለፍ ያቃታት የሪህ ሕመምተኛ ከሰዓት በኋላ ሊጥ ስታቦካ ትታይ ይሆናል። ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለው በሽታ የያዘው ሰው ጧት ደህና ውሎ ማታ የዓይን ቆቡን ማንሣት ያቅተዋል፤ ጡንቻው በሠራ ቁጥር ስለሚደክም። ሌዊ ቦዲ በተባለው የመርሳት በሽታ አንድ ሽማግሌ ከቁርስ በኋላ ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን ዘርዝረው አጫውተው ከምሳ በፊት የልጃቸውን ስም ሊስቱ ይችላሉ። ሲቆሙ የደም ግፊታቸው የሚወርድባቸውም አሉ፤ ተቀምጠው ሲጫወቱ ያያቸው ሰው ሲነሡ ዓይናቸው እንደሚጨልም አያውቅም። የሚለዋወጥ ሕመም ከማይለዋወጥ ሕመም ይልቅ ለጥርጣሬ የተጋለጠ ነው። በአልጋ ላይ ዘወትር የተኛን ሰው ማን ይጠረጥራል?

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ የአንድ ምርመራ ታሪክ ነው። ቻርልስ ሁቨር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1908 አንድ የምርመራ ስልት አሳተመ። በጀርባው የተኛ ሰው አንድ እግሩን ከአልጋው ሲያነሣ ሌላኛው ተረከዙ ሳያውቀው አልጋውን ወደ ታች ይጫናል። ሐኪሙ እጁን «አይንቀሳቀስም» በተባለው እግር ተረከዝ ሥር አድርጎ፣ ሕመምተኛው ደህናውን እግር እንዲያነሣ ያዘዋል። ተረከዙ ከተጫነ እግሩ ኃይል አለው ማለት ነው። የሁቨር ጽሑፍ በርዕሱ ጭምር የሚናገረው ስለ አስመሳዮች መያዣ ነበር። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ይኸው ምልክት ለሌላ ዓላማ ውሏል። የነርቭ ሐኪሞች ዛሬ ምልክቱን ለራሱ ለሕመምተኛው ያሳዩታል፤ «አየህ፣ መስመሩ አልተበጠሰም፤ ትኩረትህን ወደ እግሩ ስታደርግ ይጠፋል፣ ስትረሳው ይመለሳል፤ ስለዚህ የመዳን ተስፋ አለህ» ይሉታል። በእንዲህ ዓይነት ሕመም የተያዘ ሰው እያስመሰለ አይደለም። አንጎሉና እግሩ መነጋገር አቅቷቸው ነው። ቀድሞ መክሰሻ የነበረችው ምልክት ማስታመሚያ ሆናለች።

እስካሁን ያልሁት «ዝም ብላችሁ እመኑ፣ ሁሉን አድርጉላቸው» የሚል ከመሰለ ተሳስቻለሁ። በቤታችን ከሐኪሙ ቃል በኋላ የመጣው ስሕተት ይኸው ነበርና። በጸጸት ብዛት አያቴን ንጉሥ አደረግናት። ማንኪያ እንዳትይዝ እናጎርሳታለን፤ ነጠላዋን እንዳታጣፋ እናጣፋላታለን፤ ከአልጋ እንዳትወርድ ሁሉ ነገር ወደ አልጋዋ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጥቂት ጤነኛ አረጋውያንን ለአሥር ቀናት አልጋ ላይ አስተኝቶ ከእግራቸው ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሥጋ መቀነሱን ለክቷል። ጤነኞቹ! በአሥር ቀን! እኛ አያቴን ያስተኛናት ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ነው።

ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርግሬት ባልተስ በአረጋውያን መጦሪያዎች ውስጥ ለዓመታት ባደረገችው ምልከታ አንድ የማይለወጥ ልማድ አግኝታለች። አንድ አዛውንት ጫማቸውን ራሳቸው ለማሰር ሲታገሉ የሚያያቸው የለም። «አሰሩልኝ» ሲሉ ግን ሰው ወዲያው ይመጣል፤ ያነጋግራቸዋል፤ ይስቅላቸዋል። የሰው ድምፅ የተራቡ አዛውንት ከዚህ ምን ይማራሉ? ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የሌሊቱ ውኃ ነው። አያቴ ሌሊት «ውኃ» ብላ ትጠራለች፤ ተነሥቼ ስሄድ ብርጭቆው ከራስጌዋ ሞልቶ አገኘዋለሁ። እዚህ ላይ ሐቁን መናገር አለብኝ፤ ውኃ አልጠማትም ነበር። አስመስላለች ከተባለ ይህን አስመስላለች። የፈለገችው ሰው እንዲመጣላት ነው፤ «ና አጫውተኝ» ብላ መጥራት በእርሷ ዕድሜ ላለ ሰው እንዴት እንደሚከብድ አሁን እየገባኝ መጥቷል።

ስለሚጠራጠሩት ሰዎችም አንድ ነገር ልበል። «ስትፈልግ ትነሣለች» የምትለው ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የምትወጣው ከክፉ ልብ ሳይሆን ከደከመ ወገብ ነው። በቤታችን ሸክሙ የወደቀው በእኔ ላይ አልነበረም፤ እኔ በዕረፍት የምመጣ ተመራማሪ ነበርሁ። አያቴን በቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ ታነሣ የነበረችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እኅቴ ናት፤ ትምህርት ቤት አርፍዳ ትደርስ የነበረችውም እርሷ ናት። በአንጻሩ አጎቴ ከአዲስ አበባ በወር አንድ ጊዜ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ይመጣል። በዚያ ሰዓት አያቴ ኪኒኗን ከወሰደች አንድ ሰዓት ያህል ይሆናታል፤ የልጇ መምጣትም ራሱ ያነሣታል። ቆማ ትስመዋለች። እርሱም «ምን ሆነች ትሉኛላችሁ? ደህና አይደለች እንዴ!» ብሎ እኅቴን ገሥጾ ይመለሳል። ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ሥራው የሚያልቅበት ሰዓት አለው፤ የሚያልቀውም አጎቴ አውቶቡስ ላይ ከተሳፈረ በኋላ ነው። አጎቴም እኔም የሠራነው ስሕተት አንድ ነው፤ ከብዙ ሰዓታት አንዷን መዝዘን ሌሎቹን በእርሷ ፈረድን። በስታቲስቲክስ ክፍል እንዲህ ያለ ናሙና ይዞ የሚቀርብ ተማሪ ዜሮ ያገኛል።

ነገሩን ያስተካከለችው እኅቴ ናት። አንድ ደብተር አውጥታ አያቴ ኪኒን የዋጠችበትን ሰዓት፣ የተነሣችበትን፣ የተያዘችበትን፣ የት ወለል ላይ እንደ ሆነ ትጽፍ ጀመር። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልኩ ታየ። ከጧቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ድረስ አያቴ ብዙ ነገር ራሷ ማድረግ ትችላለች፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ማንም አይረዳትም፤ ቆመን እናያለን፣ እናጫውታታለን። ከቀትር በኋላ ኪኒኑ ሲዳከም ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ማንም አይጠይቃትም። ደብተሩን ያዩት ሐኪም ኪኒኑ የሚወሰድበትን ሰዓት አሸጋሸጉላት። እኅቴ ይህን ሁሉ ያደረገችው ስለ ፖፐር አንድ ቃል ሳትማር ነው።

ወለሉንም አልተወችውም። ነጭ ፕላስተር ገዝታ ከአያቴ አልጋ እስከ በሩ፣ ከበሩም እስከ ሳሎኑ ወንበር ድረስ በእርምጃ ልክ እያራራቀች በአግድም ለጠፈችው። ቤታችን የሩጫ ሜዳ መሰለ፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ምንነቱን ይጠይቅ ነበር። አያቴ መስመሮቹን አንድ በአንድ እየተሻገረች ከበሩ ስታልፍ ባየኋት ዕለት ማታ ከአጠገቧ ተቀምጬ ያን የክረምት ከሰዓት በኋላ አነሣሁባት። ከመጋረጃው ጀርባ የነበርሁት እኔ እንደ ሆንሁ ነገርኋትና ይቅርታ ጠየቅኋት።

«አውቄ ነበር፤ እግርህ ይታይ ነበር» አለችኝ።

ከዚያም ጥቂት ዝም ብላ፣ ፊቷ እንደ ወትሮው ሳይንቀሳቀስ፣ «መምጣት ያቃተህ መስሎኝ ነበር» አለች።